ጠፍቶም የሚያየው አምፖል

የሟቹ ክፍል መስኮት የለውም። ቤቱ ሲሠራ ዕቃ ቤት ይሆናል ተብሎ ነበርና፣ በሩ ከተዘጋ ቀትሩም ጨለማ ነው። አምፖሉ የማይጠፋው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ማጥፊያውን ቀጭ ሲያደርጉት ብርሃኑ ይሄዳል፤ ግን ጠቅልሎ አይሄድም። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ አምፖሉ ከጣሪያው ሥር ቀስ ብሎ ይገለጣል። ግድግዳ አያሳይ፣ ፊደል አያስነብብ፤ ዝም ብሎ ያያል።

እናትየው መጀመሪያ ያዩት ከልጃቸው ቀብር ማግስት ነበር። «መጥቷል» አሉ። ሊከራከራቸው የደፈረ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ በሩን ዘግተው ከአልጋው ጠርዝ ይቀመጡና የዋሉበትን ይነግሩታል፤ ሽንኩርት መወደዱን፣ ጎረቤቶች መኳረፋቸውን፣ እህቱ ከእሱ የባሰች ግትር መሆኗን። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ወንበር ላይ ወጥተው አምፖሉን ከነብረት ማቀፊያው በእርጥብ ጨርቅ ያብሱታል። ለምን ሲባሉ፣ «ፊቱ አቧራ ለብሶ ይክረም?» ነው መልሳቸው።

ልጁ ኤሌክትሪክ የተማረው በሰፈሩ ኮሌጅ ነው። የእናቱን ቤት ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ የዘረጋው ገና ተማሪ ሳለ ነበር። ቀጥሎ የመምህሩን ቤት ዘረጋ፤ በነጻ። መምህር የተማሪን ጉልበት ሲበላ ስሙ «ልምምድ» ነው። ልጁ ግን የሚበላው ጉልበቱ መሆኑን መች አሰበ፤ «ከሁሉም እኔን መረጡኝ» እያለ ሰንብቷል። ከተመረቀ በኋላ ሽቦውን ራሱ በዘረጋበት አንድ ሱቅ ውስጥ የተቃጠለ አምፖል ሊቀይር ሄደ። ማጥፊያውን አጠፋ፣ የብረት መሰላሉን አቆመ፣ ገና በታጠበው ወለል ላይ ረግጦ ወጣ። በእግሩ አልወረደም።

ቀኑ ደርሶ ነው ተባለ። ምስኪን ቀን፣ የስንቱን ሰነፍ ጥፋት ተሸክሞ ይኖራል። መምህሩም ለቅሶ መጥተው፣ ጎበዝ ልጅ እንደ ነበር፣ ምናልባት ተቻኩሎ እንደ ሆነ ተናገሩ፤ የቀረበላቸውን ቀማምሰው ሄዱ። ይቺ «ተቻኩሎ» የምትለው ቃል በእህቱ ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቀረች። ወንድሟ ጫማውን እንኳ ተቻኩሎ አስሮ አያውቅም።

በዓመቱ እዚያው ኮሌጅ፣ እዚያው ክፍል ተመዘገበች። እናቷ አንድ ሳምንት አኮረፏት። «አንዱን በላብኝ፤ አንቺን ደግሞ ለማጣጣሚያ?» አሉ።

የመለማመጃው ክፍል ያለው አንድ የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ማጥፊያ፣ ሶኬትና ሲያጠፉት ጭላንጭል የማይተው አንድ የድሮ አምፖል ተሰክተውበታል። ተማሪዎች መምህሩን በሹክሹክታ «ካሴት» ይሏቸዋል፤ ያንኑ እየመላለሱ ያጫውታሉና። ቀዩ ሽቦ ኃይል ያመጣል፣ ጥቁሩ ይመልሳል። «ጥቁሩ ወደ ማጥፊያ፣ ቀዩ ወደ አምፖል» ይላሉ እሳቸው፤ ክፍሉ ተቀብሎ ያዜማል። ለምን ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር ነው። ወንድሟም ሚስማር ሲመታ ይቺን ሲያንጎራጉር እህቱ ሰምታዋለች።

ኮሌጁ ለተማሪ ቴስተር አይሰጥም። ስለዚህ የራሷን ገዛች፤ ኃይል ያለው ነገር ሲነካ እጀታው ውስጥ ቀይ መብራት የሚያበራ ካቻቢቴ። ቤት ወስዳ የወንድሟ ክፍል ገባች፣ አምፖሉን አጠፋች፣ ወንበር ላይ ቆማ ከማቀፊያው ብረት ላይ አሳረፈችው።

ቴስተሩ በራ።

እጇን ሰብስባ ከወንበሩ ወረደች። ማጥፊያው የሚቆርጠው የሚመለሰውን ሽቦ እንጂ የሚመጣውን አልነበረም። አምፖሉ ይጠፋል፤ ኃይሉ ግን እዚያው ተቀምጦ የሚነካውን ይጠብቃል። ያ የደከመ ብርሃን የማንም መንፈስ አይደለም፤ የሚጠብቀው ነገር እስትንፋስ ነው። እናቷን እስካሁን ያቆየቻቸው የእንጨቷ ወንበር ብቻ ናት።

በነጋታው፣ ዓርብ፣ ለእናቷ ከመንገሯ በፊት እርግጠኛ ለመሆን የኮሌጁን ሰሌዳ አጥፍታ በቴስተሩ ነካችው። በራ። መምህሩን ጠርታ አሳየቻቸው።

«አምፖሉ ጠፋ አልጠፋም?» አሉ።

«ጠፍቷል፤ ግን…»

«ጠፋ አይደል? በቃ። በዚህ ሰሌዳ ትውልድ አስተምሬበታለሁ።»

«ወንድሜንም አስተምረውበታል።»

መምህሩ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ ሐዘን ሰውን ብዙ እንደሚያናግር፣ የርካሽ ቴስተርን ወሬ ይዞ ሰው መወንጀል ግን እንደሚያስባርር አስረዷት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረው ዜማውን አስጀመሩ። የሚያስቆጣው የአንድ ሰው አለማወቅ አይደለም፤ አለማወቅ በማንም ይደርሳል። የሚያስቆጣው ሌላው ሁሉ ተቀብሎ ማዜሙ ነው።

ዓርብ መሆኑ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው። ደብተሯን ጥላ ሮጠች።

እናቷ ወንበሩ ላይ ናቸው፤ እርጥቡ ጨርቅ ከእጃቸው ይንጠባጠባል። ብትጮህ ደንግጠው ብረቱን ይጨብጣሉ። ስለዚህ ድምፅ ሳታሰማ ወደ ደጅ ተመልሳ ቆጣሪውን ዘጋች።

ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ። «ምን አደረግሽው? የት ሄደ?»

ደግፋ አወረደቻቸውና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። አምፖሉን፣ ሰሌዳውን፣ ሱቁን። እናትየው ጨርቁን እያጣጠፉ፣ እየዘረጉ፣ ደግመው እያጣጠፉ ሰሙ።

«እጁ ተሳስቷል ነው የምትዪኝ?»

«እጁ አልተሳሳተም፣ እማ። የተማረውን ነው የሠራው።»

እናትየው ጨርቁን አስቀምጠው ባትሪ አምጥተው ራሳቸው አበሩላት። ማገናኛ ሳጥኑን ስትከፍት የወንድሟ ሥራ እንደ ተወለወለ ተደርድሮ ጠበቃት። መጠቅለያውን ፕላስተር ጫፉን አጥፎ ነበር የተወው፤ ወደፊት የሚፈታ ሰው ጥፍሩ እንዳይላጥ። ያን ጫፍ ይዛ ሳበች። ቀዩን ወደ ማጥፊያ፣ ጥቁሩን ወደ አምፖል አዛወረች። ቆጣሪውን ከፍታ አበራች፤ አጠፋች። በሩን ዘጉና ጠበቁ። ዓይናቸው ጨለማውን ለመደ፤ የተገለጠ ነገር ግን አልነበረም። ጨለማው አሁን ጨለማ ብቻ ሆነ።

«ሌላስ የት ሠርቷል?» አሉ እናትየው በዚያ ጨለማ ውስጥ።

መምህሩ የቤታቸውን በር ሲከፍቱ ነጠላ ጫማ አድርገው ነበር። ጀንበር ገና መጥለቋ ነው። እናትየው ልጅቷን አስከትለው፣ ጥቁራቸውን እንደ ለበሱ፣ የልጃቸውን የእጅ ሥራ አንዴ ለማየት መምጣታቸውን ተናገሩ። ልጅ የቀበረችን እናት ከደጅ የሚመልስ ምን ዓይነት አንጀት ነው? አስገቧቸው። ጓዳ ወዳለው የልጆች መኝታ እናትየው ቀድመው ገቡ፣ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉ፣ አምፖሉን አጠፉ።

ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። ከጣሪያው ሥር ያ የደከመ ብርሃን ቀስ ብሎ ተገለጠ።

«እዚህም አለ» አሉ እናትየው።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እነዚህ አዲሶቹ አምፖሎች ሁሉ እንዲህ ናቸው፣ ጠባያቸው ነው አሉ።

«ጠፍቷል ማለት ነው፣ መምህር?» አለች ልጅቷ።

«ጠፍቷል።»

«እንግዲያው ማቀፊያውን ይንኩልን።»

ጣሪያው ዝቅ ያለ ነበር፤ የመምህሩ እጅ ወደ ላይ ሲሄድ በዚያ ብርሃን ውስጥ ጥላው ታየ። ከብረቱ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ወደፊትም አልሄደም፣ ወደኋላም አልተመለሰም። ትንፋሻቸው ይሰማ ነበር።

«ይተዉት፣ መምህር» አሉ እናትየው። «አንድ ይበቃል።»

ልጅቷ ሽቦውን ለማዛወር ቆጣሪውን ልትዘጋ በሩን ስትይዝ እናቷ ትንሽ እንድትቆይ ለመኗት። ከማያውቁት ልጅ አልጋ ጠርዝ ተቀመጡ፤ ወደ አምፖሉ ቀና ብለው፣ ሽንኩርት ዛሬ ረከስ ማለቱን ይነግሩት ጀመር። መምህሩ አጠገባቸው ቆመው ነበር፤ ያን እጃቸውን የሚያሳርፉበት ጠፍቷቸው።