ጣሪያው ውስጥ የወተፍኩት ሹራብ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ፤ እኔ መቆም አቅቶኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ጣሪያ ስናፈርስ ነው የከረምነው። ዝናቡ እንደሆነ ማባራት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል።

ጣሪያው ስር ያለችው ክፍል የኔ አይደለች? እዚያ ከአልጋዬ በላይ ጣሪያው ሰርጉዶ ሰርጉዶ እንደ አሮጌ ፍራሽ ወርዶልሻል። አባዬ አናጺ ነው፤ የሠራውም ራሱ ነው፣ ገና ሦስት ዓመቱ! ቆርቆሮውን ሲያነሳው ከስሩ ያለው ጣውላ ጠቁሯል፣ በጣት ሲነኩት ፍርፍር ይላል።

አጎቴ ደግሞ አፉ አያርፍም። "ጋሼ፣ እንቅልፍ ይዞህ ነው እንዴ የሠራኸው?"

"መሰላሉን ያዝ" አለ አባዬ።

"ቤት ሥራልኝ ያለህ ሰውዬ ይሄን ካየ አለቀልህ።"

አባዬ፣ "ነገ ሄጄ ሥራውን ለሌላ ስጠው እለዋለሁ። እጄ ከድቶኛል" አለ።

ወይኔ! አባዬ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

የበሰበሰውን እየለቀምኩ ጣሪያው ጫፍ ጋ ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? የትምህርት ቤት ሹራቤን። አባዬ አየር እንዲገባ ብሎ የተዋቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ብርዱ ፊቴን ሲገርፈኝ በአሮጌ ልብስ ወትፌያቸው፣ ከዚያ ጭራሽ ረሳሁት። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ጣውላውን በላው።

በእግሬ ፍርስራሹ ስር ገፋሁት። ማን ያየኛል? ግን አባዬ መዶሻውን አስቀምጦ መዳፉን ሲያይ አየሁትና አላስቻለኝም።

"አባዬ፣ እጅህ አይደለም። እኔ ነኝ።"

ሹራቡን ተቀብሎ ጨመቀው፣ ጥቁር ውሃ ወጣው። "ስንቱን ነው የወተፍሽው?"

"ሁሉንም።"

አጎቴ ሳቁን ማፈን አቃተው። አባዬ አልሳቀም፣ አልተቆጣኝምም።

"በርዶሽ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሠርተህ ገና መጨረስህ ነበር። ደክሞሃል ብዬ።"

ከዚያ መዶሻውን አነሳ። "ጣውላ አቀብይኝ። ዛሬ መጨረስ አለብን፣ ነገ ሰውዬው ጋ ሥራ ልጀምር ነው።"

ጨረስን። ክንዴን ማንሳት አልችልም። ማታ አብራኝ ለምትማረው ጓደኛዬ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቃል በቃል እንዲህ አለችኝ፦

"ቆይ፣ እና አሁን ቀዳዳው ተከፍቶ ነው የምትተኚው? ነይ እኛ ጋ እደሪ፤ ሹራብ ግን እንዳታመጪ።"