ጥሪ የተባለው ድምፅ

ባሌ አምኃና አንድ ልጃችን ልዑልቃል በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሁለት ዓመት ያህል የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። "ለልጅሽ የሻወር ቤቱን መብራት እንዲያጠፋ ንገሪው" ይላል አንዱ። "አባዬ ሪሞቱን ከጨረሰ ይሰጠኝ በይው" ይላል ሌላው። ሁለቱም አጠገቤ፣ ያውም አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው ይሄን የሚሉኝ። እኔን ደግሞ እግዜር ሲፈጥረኝ ትዕግሥት የሚባለውን ነገር ረስቶታል። አንዳንዴ "ፖስታ ቤት መሰልኳችሁ?" ብዬ ተነሥቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ስመለስ እንደተኮራረፉ አገኛቸዋለሁ።

ጠባቸው የጀመረው ልጁ የባንክ ሥራውን ለቅቆ "ሳውንድ አርቲስት ነኝ" ያለ ቀን ነው። አምኃ ዕድሜውን ካርታ ሥራ ላይ የጨረሰ፣ መስመር ሲጣመም የሚያመው ሰው ነው። ዘፋኝ ነህ ወይ አለው። አይደለሁም አለ። ታዲያ የምትጫወተው ምንድን ነው ሲለው፣ ልጁ "ድምፅ" ብሎ መለሰ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጡም።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም ነበር። ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰው ዕቃውን እያወጣ ሲያለቅስ፣ የእኔ ልጅ ማይክ ይዞ ፍርስራሹ ላይ ይዞር ነበር። ጎረቤቶቼ ልጅሽ ምን ጠፍቶበት ነው ሲሉኝ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር። ግን እናት ነኝ። እንዲገባኝ አልፈለግኩም፤ የፈለግኩት እነዚህ ሁለት ግትሮች አንድ ቀን እንዲታረቁ ብቻ ነበር። በጸሎቴም ሌላ ነገር መጠየቅ ትቼ ነበር።

ባለፈው መስከረም ልዑልቃል ሲፋን ከምትባል ጓደኛው ጋር አዲስ ነገር ጀመረ። ሲፋን ኮምፒውተር የተማረች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። የከብት ድምፅ ቀድተው ለማሽን ያበሉታል፤ ማሽኑ ይማራል፤ ከዚያ የሚሰማውን እያዳመጠ ራሱ በከብት ድምፅ ይመልሳል። በዜና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የሚሉት፤ ቤታችን ውስጥ ግን ስሙ ማሽኑ ነበር። ቄራ በር ላይ፣ ካራ ገበያ፣ ከብት በተገኘበት ሁሉ እየሄዱ ይቀዱ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሲከፍተው ቤታችን በረት ሆነ።

አንድ ምሽት አምኃ ጋዜጣውን አጠፈና ተነሣ። ጠብ ሊነሣ ነው ብዬ ተከተልኩት። እሱ ግን የልጁ ክፍል በር ላይ ቆሞ ትንሽ አዳመጠና፣ በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ፣ "ያቺ ላም ጥጃዋን ነው የምትፈልገው" አለው።

አምኃ ያደገው ሰንጋ ተራ ነው፤ ዛሬ ፎቅ የቆመበት ቦታ ሁሉ ከብት ይሸጥበት በነበረ ጊዜ። አባቱ የከብት ደላላ ነበሩ። ይሄን ለሰው አያወራም ነበር፤ ካርታ ሠሪ መሆኑ ነበር የሚያኮራው። ያን ምሽት ግን ልጁ ወንበር አቀረበለትና ተቀመጠ።

ሲፋን ነገሩን እንዳስረዳችን ማሽኑ ድምፁን ይሰማል እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። እያንዳንዱን ቅጂ ሰው አዳምጦ ስም ይሰጠዋል፦ ይሄ ረሀብ፣ ይሄ ውሃ ጥም፣ ይሄ ፍርሃት፣ ይሄ ጥሪ። ማሽኑ ሲመልስም በዓይነቱ ነው፤ ለጥሪ ጥሪ፤ ጥሪው ከጠነከረም ካለው ሁሉ ጠንካራውን መርጦ ይመልሳል። ስም የመስጠቱን ሥራ አምኃ ያዘው። ማታ ማታ ከራት በኋላ ሦስቱ ላፕቶፑን ከበው ይቀመጣሉ። ሻይ ይዤላቸው ስገባ አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው አያቸዋለሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ብል አላጋነንኩም።

ከእነዚያ ምሽቶች በአንዱ ያ ድምፅ መጣ።

ከሆድ ውስጥ ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምረው። ሻካራ ነው። ቀስ እያለ ይወጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ ይሰበራል፤ ከዚያ እንደገና ከታች ይነሣል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ከብት ጠብቄ አላውቅም፤ ግን የክንዴ ፀጉር ቆመ። ሻዩን ሳልቀዳላቸው ትሪውን አስቀመጥኩት። ሲፋን ጋሼ ይሄኛውስ ብላ ጠየቀችው። የት እንደቀዱት ጠየቃት፤ ቄራ፣ ከአጥሩ ውጭ አለችው። ፊቱን ከእሷ አዞረና "ጥሪ ነው። ጥሪ በዪው" አላት። እሷም ጻፈችው።

ልጆቹ ሲወጡ ያዝኩት። ምንድን ነው ያ ነገር አልኩት።

"ከብት የወገኑን ደም መሬት ላይ ሲያሸት የሚያወጣው ነው" አለኝ። "አንዱ ከጀመረ የሰማ ሁሉ ይመጣል። ከበው ቆመው አብረው ያጓራሉ።"

"ታዲያ ለምን እንደዚያ አልካቸውም?"

"አባቴና ጓደኞቹ ስሙን አያነሡትም ነበር። ከብት ቆሞ የደም ወሬ አይወራም፤ ነውር ነው። ደግሞ አልዋሸሁም፣ አጸደ። ይጣራል እኮ።"

ካርታ ላይ አንድ ጅረት ቢሳሳት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው ይሄን የሚለኝ። ለሰው የማይነግረው የሰንጋ ተራ ልጅነቱ ግን ውስጡ እንዳለ ነበር፤ የአባቱ ነውር ሲመጣበት ካርታ ሠሪው ዝም አለ። ልከራከረው አሰብኩና ተውኩት። ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሰው በሰው በኩል አይነጋገርም ነበር።

ገና ደረሰ። ሥራቸውን ለሰው ለሚያሳዩበት ትርዒት ኡራኤል አካባቢ አዳራሽ ተገኝቶ ነበር፤ ልዑልቃል ግን ማሽኑ በሕይወት ካለ ከብት ጋር ሲነጋገር ሰው ካላየ ዋጋ የለውም እያለ ይብከነከን ጀመር። መፍትሔውን ያመጣው አምኃ ነው።

"በሬማ አለን" አለው።

የብሎካችን የቅርጫ በሬ ማለቱ ነው። በየዓመቱ ካራ ወርዶ በሬ የሚመርጠው እሱ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ገብረሃና ጭንቅላታቸውን አከኩ፤ በሬው ደንግጦ ሥጋው ይደርቃል አሉ። አምኃ ገመዱን ራሴ እይዘዋለሁ ሲላቸው ግን እሺ አሉ። ቦታው ኮሙናሉ ሆነ፤ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ለእርድና ለልብስ አጠባ ተብሎ የተሠራው፣ መሬቱ ሲሚንቶ፣ መሐሉ ላይ የደም መውረጃ ቦይ ያለው ቤት። ልዑልቃል ገብቶ አንዴ አጨበጨበና ኢኮው ደስ ይላል አለ።

እኔ ደስ አላለኝም። እዚያ ስንት በሬ እንደታረደ እያወቃችሁ ሌላ ቦታ አጣችሁ ወይ አልኩ። "እማዬ፣ ማለቴ፣ ታጥቧል እኮ" አለኝ ልጄ። እውነቱን ነው፣ ታጥቧል። ከየበዓሉ በኋላ በኦሞ እናጥበዋለን። ለእኛ አፍንጫ ይበቃል።

የዋዜማው ከሰዓት ወጣቶቹ ከደምበል በኩልም፣ ከየትም በኩል መጡ፤ ስልካቸውን አውጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ስፒከሮቹ በአራቱም ማዕዘን ተተከሉ። ማይኩ ከጣሪያው በገመድ ወርዶ ከበሬው ራስ በላይ ተንጠለጠለ። በሬው ዳልቻ፣ ሻኛው የሞላ፣ ረጋ ያለ ነበር። ልዑልቃል ጥግ ላይ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ፤ ጆሮውን ሙሉ የሚውጠውን ማዳመጫ አጠለቀና እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። ሲሠራ እንደዚያ ነው፤ ካላየሁ ነው የምሰማው ይላል። ሲፋን ከሰዎቹ ኋላ ካሜራ ይዛ ነበር። አምኃ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ገመዱን አባቱ ያደርጉት እንደነበረው እጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞ መሐል ቆመ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "እዚህ ጋ ቁሚ፣ ደህና ይታይሻል" አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

በሬው እምቧ አለ። ማሽኑ በለሰለሰ ድምፅ መለሰለት። በሬው ጆሮውን አዞረ፤ ሰዎቹ ሳቅ አሉ። እንደገና ጠራ፤ እንደገና ተመለሰለት። አምኃ ወደ ልጁ አየ፤ ልጁ ዓይኑ ተጨፍኖ ባያየውም በኩራት ራሱን ነቀነቀለት። ይሄን ነው የለመንኩህ፣ ተመስገን አልኩ በሆዴ።

ከዚያ በሬው የወገኑን ድምፅ ፍለጋ መሰለኝ፣ አንገቱን ዘርግቶ በሙሉ ጉልበቱ ተጣራ። ማሽኑ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ካለው ጥሪ ሁሉ ጠንካራውን አመጣ።

ከአራቱም ማዕዘን ነው የመጣው። ሻካራው፣ ከሆድ የሚነሣው፣ ጫፉ የሚሰበረው። በሬው ደርቆ ቀረ። ቆዳው ከሻኛው እስከ ጭራው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ሲሚንቶው አወረደ፤ ቦዩን ተከትሎ እያሸተተ፣ እያሸተተ ሄደና ቆመ። ቀና ሲል ያንኑ ድምፅ ራሱ አወጣው። ማሽኑም መለሰለት። የደም ሽታው እታች፣ ለቅሶው በዙሪያው፤ የሚሸሽበት አቅጣጫ አልነበረውም።

"ዝጋው" አለ አምኃ። የሚጮህ ሰው አይደለም። "ልዑሌ፣ ዝጋው።"

ልጁ አልሰማም፤ ማዳመጫው በማጓራቱ ተሞልቷል። ሰዎቹ የሽማግሌው ንግግር የትርዒቱ አካል መሰላቸው፤ አንዷ ስልኳን ወደ እሱ አስጠጋች። ወደ ፊት ልሄድ ስል አንዱ ጎረምሳ በእጁ ከለከለኝና "እማማ፣ ይቀረጻል" ብሎ ሹክ አለኝ። በጥፊ ባልኩት ኖሮ።

ከዚያ ከውጭ ሌላ በሬ መለሰ። ከጀርባችን ካለው ብሎክ ነው፤ የእነሱም ቅርጫ ታስሮ ነበር። ቀጥሎ ከወደ ኡራኤል አንድ፣ ከፍርስራሹ ማዶ ሌላ አንድ። ዋዜማ ነው፤ በየግቢው በሬ አለ። በአንድ አፍታ ካዛንቺስ በሙሉ ያጓራ ጀመር። ሰዎቹ በደስታ እርስ በርስ ተያዩ። ምን እንደሆነ የምናውቀው አምኃና እኔ ብቻ ነበርን። የእሱ ፊት አመድ መስሏል። ገመዱን ከእጁ ሊፈታ ሞከረ፤ ጠብቆ ነበር።

በሬው ዞረ። ሊወጋው አይደለም፣ ያንን ልመሰክርለት እችላለሁ፤ ያየውም አይመስለኝም። መውጫ ፍለጋ ብቻ ዞረ። አምኃን በእጁ አንጓ ጎትቶ አነሣውና ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ጋር አላተመው። ድምፁ ትንሽ ነበር። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ።

ያን ጊዜ ገና ይተነፍስ ነበር፤ ያረፈው ሐኪም ቤት ሳንደርስ መንገድ ላይ ነው። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አልሰማሁም። ጎረምሳውን ገፍቼ ወደ እሱ ሮጥኩ፤ ከወደቀበት አጠገብ፣ ማይኩ ሥር ተንበረከክሁና ጮኽኩ። ስሙን ጠራሁ መሰለኝ። ከአፌ የወጣው ግን ስም አልነበረም፤ ከሆዴ ነበር የተነሣው።

ማሽኑ ሰማኝ። መለሰልኝ። ዝም ስል ዝም አለ፤ ስጮህ በዚያው በሻካራው ድምፅ፣ በእኔው ልክ፣ ከአራቱም ማዕዘን ተቀብሎ አለቀሰ።

ቀና ብዬ ልጄን አየሁት። ድምፄ በማዳመጫው ገብቶ ጆሮው ውስጥ ነበር፤ ከማንም በላይ ጥርት ብሎ የሚሰማው እሱ ነው። አሁንም ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። የእናቱን ድምፅ አላወቀውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈልገው የኖረውን ነገር ያገኘ ሰው ፈገግታ ፈገግ አለ፤ ከዚያ እጁን ቀስ አድርጎ ዘረጋና ድምፁን ከፍ አደረገው።