ከጨው ላስቲክ ላይ ማንበብ

ጓዴ ዱላውን ከለቅሶው ዳስ ምሰሶ አስደግፎ ልክ ከፊቷ ሲቀመጥ፣ ሐረገ ወይን እጆቿን በነጠላዋ ሸፈነች። ሴት ልጁ እመቤት ከጎኑ ቆማለች።

"እግዜር ያጥናችሁ፤" አለ።

ከርዕሰ መምህር እንየው ቀብር ወዲህ ይህን ሰው ስትፈራ ነው የሰነበተችው። እንየው በሳንባ በሽታ ሲሞት ትምህርት ቤቱን እንድትይዝ የታዘዘችው ምክትሉ እሷ ናት።

"አሁን የምታሳልፍና የምትጥል እሷ ናት አሉ፤" አለች ከኋላ አንዲት ሴት በሹክሹክታ።

"ይቺ? ይቺማ ጥላዋን የምትፈራ!"

አምና እንየው አራተኛ ክፍል ገብቶ መጽሐፍ ሲያስነብብ እመቤት አንድም ሳትስት ተወጣችው። ገጹን ገለጠባት። ልጅቱ ግን ያንኑ የቀደመውን ገጽ ማንበቧን ቀጠለች። ለካ የክፍሉ ልጆች አብዛኞቹ እንደ ዳዊት ደጋሚ በቃላቸው ይዘውት ኖሯል። በማግስቱ እንየው ከሱቅ አንድ ላስቲክ ጨው ገዝቶ መጣ። ላስቲኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያላነበበ ልጅ አላለፈም።

ያን ጊዜ ጓዴ እንየው ቢሮ ድረስ መጥቶ ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። "መጽሐፉን እንደ ውሃ የጠጣችውን ልጅ በጨው ጣልካት?"

"ጋሼ ጓዴ፣ ዘንድሮ ባሳልፋት ዕድሜ ልኳን ትወድቅብዎታለች፤" አለው እንየው።

ሐረገ ወይን ያኔ ከበሩ ውጭ ነበረች። አልገባችም።

"መምህርት፤" አለ ጓዴ አሁን፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ። "ሟች ነፍሱን ይማርና ችኮ ነበር። አንቺ ግን ታዝኛለሽ። ልጄን ዘንድሮ አሳልፊልኝ።"

ሰዉ ሁሉ ወደ ሐረገ ወይን ዞረ። እሺ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እሺ ካለች ግን ነገ ሌላው አባት ይመጣል፤ የእንየው ድካምም አብሮት ይቀበራል። አጠገቧ ለንፍሮው የተገዛ አንድ ላስቲክ ጨው ተቀምጧል። አነሳችው።

"እመቤት፣ ነይ እስቲ።" ድምፅዋ ለራሷም በደንብ አልተሰማት። "ይህን አንብቢልኝ።"

የጓዴ እጅ ወደ ዱላው ሄደ።

"አ… ዮ… ዲን፤" አለች ልጅቱ ላብ በላብ ሆና። ማንበቧን አቆመች።

"ቀጥዪ እንጂ፤" አለ አባቷ ቀስ ብሎ። እጁ ዱላው ላይ እንዳለ ቀርቷል።

ሐረገ ወይን እንየው ያደርግ እንደነበረው ጣቷን ከሚቀጥለው ቃል ሥር አሳረፈች። ጣቷ ይንቀጠቀጣል። የመምህርቷ ጣት እስኪረጋ ልጅቱ ጠበቀቻት።