ለበር የታሰበው ድስት

ሱግራ የበርሜሉን ክዳን ከፈተችና ወዲያው መልሳ ከደነችው።

"ታሂራ፣ ነይ እስቲ አሽትቺ። አፍንጫዬ ነው ወይስ ዶሮው?"

ታናሽ እህቷ ክዳኑን ገልጣ ጎንበስ ብላ ሳትጨርስ በሻሿ አፏን ያዘች። "ውይ! ይሄማ ከሞተ ሰንብቷል።"

ሱግራ እጇን ሰዳ አንድ ቅልጥም አወጣች። ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል፤ ጣቷ ላይ እንደ ንፍጥ ተለጠጠ። በህንዷ ሃይደራባድ አሮጌው ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት የሰርግ ቢርያኒ፣ ቅመም የበዛበት የሩዝና የሥጋ ምግብ፣ ስትሠራ ኖራለች፤ እንዲህ ያለ ሥጋ ለድመት እንኳ እንደማይሰጥ ታውቃለች። ለአዳራሹ እንግዶች ጠዋት የታረደው ዶሮ ከሩዙ ጋር ተነባብሮ፣ ድስቱ በሊጥ ታሽጎ፣ በፍም ላይ እየበሰለ ነው። የበርሜሉ ዶሮ በር ላይ ለተሰለፉት ድሆች ነው።

የሙሽራው አባት ዋጃሃት፣ ሦስት የዶሮ ሱቅ ያለው ሰው፣ የነጭ ኮቱን ጫፍ ከጭቃው ሰብስቦ መጣ።

"እትዬ ሱግራ፣ ምን ያስቆምሻል? ሰልፉ መንገዱን ዘጋው እኮ!"

"ጌታዬ፣ ዶሮው ሸቷል።"

"ማቀዝቀዣው ሁለት ቀን መብራት ጠፍቶበት ነው፤ ትንሽ ነው የነካው። ቅርንፉዱንና ናናውን ጠበቅ አድርጊው። አንቺን እኔ ላስተምርሽ?"

"ሰው ይታመማል።"

"የደሃ ሆድ ብረት ነው፣ እቴ! ለጽድቅ ብዬ ነው የማበላቸው።" አንድ ፍሬ ሄል አፉ ውስጥ ጣል አድርጎ እያላመጠ ሄደ።

ያ የሚያላምጠው አፍ ከዶሮው የበለጠ አቅለሸለሻት። ከእሱም የከፋው ግን የራሷ እጅ ነበር፤ ሥራውን ያውቀዋል። በወጣትነቷ አንድ ቀን፣ ሌላ ባለጸጋ ቤት፣ የሸተተ ሥጋ በቅመም ሸፍና አቅርባለች። ኮምጣጤ፣ ከዚያ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርጎ። ዛሬም ዶሮውን ድስት ውስጥ ዘርግፋ ኮምጣጤውን ለቀቀችበት።

"የምርሽን ነው?" አለች ታሂራ።

"ዝም በይና ሎሚ ቁረጪ!"

ውኃ ልትቀዳ ባልዲ ይዛ በሩ አጠገብ ወዳለው ቧንቧ ሄደች። ከሰልፉ ፊት የቆሙ አሮጊት የቆርቆሮ ሳህናቸውን በቀሚሳቸው እየወለወሉ ጠሯት።

"ልጄ፣ ሽታው እንዴት ያውዳል! ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ዛሬ ዶሮ አመጣልሻለሁ ብያታለሁ። እጅሽ ይባረክ!"

ሱግራ እጇን አየችው። ጥፍሯ ሥር ያ ንፍጥ ነገር ገብቷል። ባልዲውን እዚያው ጥላ ተመለሰች። ከሰል የሚያቀጣጥሉበትን የነጭ ጋዝ ጀሪካን አነሳችና ዶሮው ላይ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገለበጠችው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ አስታወከች።

ዋጃሃት እየሮጠ መጣ። "አብደሻል? ዶሮ ብዬ ጠርቻቸው ምን ላበላ ነው?"

"ሩዝ አለ፣ ድንች አለ፣ የተጠበሰ ሽንኩርት አለ። እሱን እሠራለሁ።"

"ስሜን ልታጠፊው! ሁለተኛ በዚህ ሰፈር ድስት አትጥጂም፤ ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።" እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች። ሽታው አልለቀቃትም።

ቀትር ላይ የድንች ሩዙ ደርሶ በሩ ተከፈተ። ዋጃሃት ከፎቶ አንሺው ጋር ደረጃው ላይ ቆሞ ፈገግ ብሏል። አሮጊቷ ሳህናቸው ሲሞላ ሩዙን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

"ዶሮው የታለ፣ ልጄ?"

ታሂራ የእህቷን ቀሚስ ጎተተች። ዋጃሃት ጉሮሮውን ጠረገ። ሱግራ ጭልፋውን አስቀመጠች።

"ሸቶ ነበር፣ እናቴ" አለች፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "እያወቅሁ ልሠራላችሁም ጀምሬ ነበር።"