ከመንቀጥቀጡ በፊት

«በአላህ ይዤሃለሁ፣ አትንካኝ!»

ሰሚሃ የቀዶ ሕክምናው አልጋ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች ዞራ አፈጠጠችበት። የማደንዘዣ ባለሙያው ሙሀይሚን ጀርባዋን በአልኮል ጠርጎ ጨርሷል፤ ከወገቧ በታች የሚያደነዝዛትን መርፌም ይዟል። ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ሆስፒታል ድረስ በሚኒባስ እያማጠች ነው የመጣችው። ሕፃኑ ሆዷ ውስጥ አግድም ተኝቷል፤ ሐኪሙም እጁን ታጥቦ ቆሟል።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ጎንበስ በይ እንጂ!»

«አላስታወስከኝም አይደል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ! ፊትህን ብትሸፍነውም ድምፅህን መቃብር ውስጥም እለየዋለሁ።»

«እና ምን አደረግኩሽ?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እዚሁ ወጋኸኝ። ጥርሴ እስኪፋጭ አንቀጠቀጠኝ። አማቴ በበሩ አሾልካ አይታ ‹ምን ነካት?› ብትልህ ምን አልካት? ‹እኔ ምን አውቃለሁ፣ የያዛት ይልቀቃት ይበሉ!› ስቀህ!»

አዋላጇ ሕይወት አንገቷን ደፋች። ሙሀይሚን ነገሩን አያስታውሰውም፤ ግን ብሎት ይሆናል። ለጠየቀው ሁሉ እንዲያ እያለ ሲያሾፍ ነው የኖረው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አማቷ ዑምኩልሱም ግን ቀልድ መሆኑን መች አወቀች! ምራቴን ጂን ይዟታል ብላ ሕፃኗን ነጠቀች። አርባ ቀን ሙሉ ጡት አላስነካቻትም፤ ሪያድ ያለው ባሏም በስልክ የእናቱን ቃል አጸደቀ። የሰሚሃ ወተት ደረቀ። ልጅቷ ዛሬም አያቷን ነው «እማ» የምትለው፤ ሰሚሃን በስሟ ትጠራታለች።

«ይኸው ዛሬም በር ላይ ቆማለች» አለች ሰሚሃ። «ከተንቀጠቀጥኩ ይሄንንም ትወስደዋለች። ወላሂ፣ እንደዚያ ከምሆን ብሞት ይሻለኛል!»

«ሕፃኑም አብሮሽ ይሙት?» ሐኪሙ ጮኸ። «ሙሀይሚን፣ ምን ትጨቃጨቃለህ? ሥራህን ሥራ!»

«መንቀጥቀጡን የሚከለክለው መድኃኒት አለ አሉ። ጅዳ የወለደች ጎረቤቴ ነግራኛለች። የለም በለኛ!»

አለ። ትራማዶል የሚባለው መድኃኒት መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል። ሙሀይሚን ግን አንዲት ወላድ አልጋው እስኪነቃነቅ ካልተንቀጠቀጠች አያወጣውም፤ «በመንቀጥቀጥ የሞተ የለም» ይላል። ብርድ ልብስ ጣል አድርጎባት ስልኩን ይነካካል። ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ፊቱ እንደጋለ መሳቢያውን ከፈተ። ብልቃጡን ሰብሮ መድኃኒቱን በመርፌ ሳበና አሳያት።

«ይኸው። አሁኑኑ በደም ሥርሽ ቀስ አድርጌ እሰጥሻለሁ፤ ጀርባሽን ከዚያ በኋላ ነው የምወጋው። ሊያቅለሸልሽሽ ይችላል። ብዙዎቹን ከመንቀጥቀጥ ያድናል፤ ሁሉንም ግን አይደለም።»

«ካልሠራስ?»

«ካልሠራ ያንቀጠቀጠሽ ምን እንደሆነ ለአማትሽ ራሴ እነግራታለሁ።»

«ቢሠራም ትነግራታለህ!»

«እሺ፣ ቢሠራም።»

«ቢስሚላህ» ብላ ጎንበስ አለች። ፊቱን ግን አላየችውም።

መድኃኒቱን ሰጥቷት ጀርባዋን ወጋት፤ ከወገቧ በታች ሲደነዝዝ ሐኪሙ ሆዷን ቀደደ። ሙሀይሚን ዓይኑን ከሰሚሃ እጆች አልነቀለም። እንደ ደንቡ ሁለቱም ግራና ቀኝ ታስረዋል። ሕፃኑ ወጥቶ ሲያለቅስም ጣቶቿ አልተንቀሳቀሱም። ያ ረቢ፣ ስንቷን ሴት በከንቱ አንቀጠቀጥኩ አለ በልቡ።

ሆዷ እስኪሰፋ ሕፃኑን በር ላይ ለሚጠብቁት መስጠት የተለመደ ነው። ሕይወት ጠቅልላው በሩን ስትከፍት ዑምኩልሱም ሁለት እጇን ዘረጋች።

«አምጪው፣ እሷ ጋ አይቆይ!»

ሙሀይሚን ከሰሚሃ ራስጌ ሆኖ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እማማ፣ ያኔ ያንቀጠቀጣት የእኔ መርፌ ነው። ጂን የለባትም። ክፉ ቀልድ የቀለድኩት እኔ ነኝ።»

«አዑዙ ቢላህ! አሁን ደግሞ አንተን አስጠናችህ? ልጁን ስጡኝ!»

«ሕይወት፣ መልሺው። በሩንም ዝጊው።»

ሕይወት ሐኪሙን አየችው። ሐኪሙ ከስፌቱ ቀና አላለም። በሩን ዘጋችው፤ ዑምኩልሱም በጡጫ ትደበድበው ጀመር።

ሙሀይሚን ሕፃኑን ተቀብሎ ሰሚሃ ደረት ላይ አስተኛው።

«አፉ አላልኩህም» አለችው፣ እንባዋ በጆሮዋ ላይ እየወረደ።

«አውቃለሁ» አለና የእጆቿን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር።