ስሜነሽን ማንሳት

ኃይለማርያም ብረት ማንሳት የጀመረው ላስ ቬጋስ በገባ ሰሞን፣ በሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ምክንያቱ? ደረት ነዋ! ሸሚዙን እስከ ሦስተኛው ቁልፍ ከፍቶ ሠርግ ቤት ሲገባ ሴቶቹ እንዲያዩት። ስሜነሽም አይታ ነው ያገባችው፤ እሷም አትክድም። በአርባ አምስቱ ደግሞ ለወገቡ ሲል ያነሳ ነበር። በካዚኖ የእንግዳ ሻንጣ የሚሸከም ሰው ወገቡ ከተያዘ ሺፍቱም ቲፑም አበቃ።

አሁን በስልሳ ስድስቱ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ ካለው ጂም ጠዋት ጠዋት የማይጠፋው ለስሜነሽ ነው። አምና ስትሮክ ግራ ጎኗን ያዘው። ከአልጋ ወደ ዊልቼር የሚያነሳት እሱ ነው። ኢንሹራንሱ ታዲያ ነርስ ልኮ ሊያይ ነው፤ ብቻውን ካነሳት እቤቷ ትቀመጣለች፣ ካቃተው ነርሲንግ ሆም የሚሉት መጦሪያ ትገባለች።

ቀጠሮው የሕማማት ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዋለ። እሱ ደግሞ ተስሏል፤ እሷ እቤቷ እንድትቀርለት፣ ሳምንቱን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እህል ውሃ ላይቀምስ፣ በየጠዋቱ ሦስት መቶ ሊሰግድ።

"አባ፣ ዛሬ ብቻ ጠጣ፣ ፕሊስ" አለችው ልጁ ሳሮን፣ የፕሮቲን መጠጥ በብርጭቆ ይዛ። "ቄሱም ኦኬ አለ፣ ቼክ አደረግኩ።"

"ስለት እኮ ነው ልጄ። እናትሽን የሚያነሳት ጡንቻዬ መሰለሽ?"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እግሩ ከስግደቱ ጀምሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያንን እያወቀ ብርጭቆውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ነርሷ መጣች። በስሜነሽ ብብት ሥር ገብቶ፣ "በስመ አብ" ብሎ ብድግ አደረጋት። ተነሳች! ዊልቼሩ ጋ ሊደርሱ አንድ እርምጃ ሲቀር ግን ዓይኑ ጨለመ፣ ጉልበቱ ከዳው። ተያይዘው ወደቁ። እንደምንም ዞሮ ከሥሯ ሆነላት እንጂ ጉድ ነበር።

"አልበላህም?" አለችው ስሜነሽ በተጣመመ አፏ፣ እንባዋ አንገቱ ላይ እየወረደ።

ነርሷ ጻፈች። ኃይለማርያም ወለሉ ላይ እንደተኛ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ብርጭቆ አየና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በትንሣኤ ማግሥት ነርሲንግ ሆም ወሰዷት።

ማክሰኞ ጠዋት ሳሮን ስትመጣ፣ አባቷ ቁርሱን በልቶ የጂም ጫማውን ሲያስር አገኘችው። አሁን ቢበላ ምን ያደርጋል!

"አባ፣ አሁን ለማን ነው የምትሄደው?"

"ላንቺ" አላት ቀና ሳይል። "እኔን የምታነሺበት ቀን እንዳይመጣብሽ።"