እትዬ እያየች አልጫንም

ጡረታ የወጣችው ርዕሰ መምህርት ስትንቅ ለማንም አታዳላም። ሆስፒታሉን ናቀች፣ ዶክተሩን ናቀች፣ ሆዱን ተቀዶ የተኛውን ታናሽ ወንድሟን ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ናቀችው። ሰዓት ሠሪ ነው። አሁን እጁ ላይ ያለችው አንዲት ቁልፍ ብቻ ናት፤ ሲጫናት አጠገቡ የቆመው ማሽን «ጢጥ» ይልና ሞርፊን በደም ሥሩ ይገባል።

«ማስታገሻው በየትኛው መንገድ ቢሰጥ እንደሚሻል እያነጻጸርን ነው» አላት ዶክተሩ ደረቱን ነፍቶ። «ወንድምዎ ሲያመው ራሱ ይጫናል። ማዶ አልጋ ላይ ያለውን ሹፌር ደግሞ ሲስተር ጭኑ ላይ መርፌ ትወጋዋለች።»

«ጉድ እኮ ነው! እኔ አራት ልጅ ስወልድ ማን አነጻጸረልኝ?»

«እማማ፣ እባክሽ ሲስተርን ጥሪልኝ፣ መርፌዬ ዘገየ» አለ ሹፌሩ እያቃሰተ። እማማ! ደሟ ፈላ።

ዶክተሩ እንደወጣ ማሽኑ «ጢጥ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ጢጥ»።

«ወይ አንተ! አባታችን እግራቸው ተሰብሮ እህ አላሉም። አንተ ግን ጡጦ እንደያዘ ሕፃን! አታፍርም?»

ሰዓት ሠሪው ቁልፏን ቀስ ብሎ ትራሱ ሥር ወሸቃት። እሷም «አሁን ሰው ሆንክ» ብላ ወንበሯ ላይ ተደላደለች። ሌሊቱንም ከዚያ ንቅንቅ አላለችም።

በማግስቱ ዶክተሩ ማሽኑን አየና ፊቱ በራ። «ሌሊቱን ሙሉ አንዴም አልተጫነም! ቁልፉ ምን ያህል እንዳስታገሠለት አያችሁ?» ከኋላው የተኮለኮሉት ተማሪዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰውየውን ፊት ዞር ብሎ ያየ የለም። «ደንቆሮ ሁላ» አለች በሆዷ። እውነቱን ግን ታውቃለች፤ ትንፍሽ አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር መጥታ «እስቲ ሳል» አለችው። ሆዱን ይዞ ሞከረ፤ ሳሉ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ሰውነቱ ያተኩሳል።

«ካላሳለ አክታው እዚያው ይቀርና ሳንባውን ያጠቃዋል። ሕመሙ ነው የከለከለው። ለምን አይጫንም?»

ርዕሰ መምህርቷ ቁልፏን ከትራሱ ሥር አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ተጫን።»

«ይቅርብኝ እትዬ። ቻልኩት እኮ።» ግንባሩ በላብ ርሷል።

«ተጫን አልኩህ!»

ሽበታም ሽማግሌ፣ እሷ እያየችው ጣቱን አላጥፍ አለ። ራሷ ልትጫንለት እጇን ስትሰድ ሲስተር ያዘቻት።

«አይቻልም፣ እማማ። ከሱ በቀር ማንም አይነካም። ሰው ከተጫነለት መድኃኒቱ በዝቶ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።»

እማማ መባሏ እንኳ አልታወቃትም። እንደዚያች ሰዓት ራሷን ንቃ አታውቅም። ቦርሳዋን አነሳች።

«ወጣ ልበል፤ ይኼ ሹፌር ጆሮዬን አደነቆረው» አለች። ሹፌሩ መርፌውን ተወግቶ እንቅልፍ ወስዶታል።

በሩን ዘግታ ጆሮዋን ለጠፈችበት። በር ላይ ሲያዳምጥ ይዛ ያንበረከከችው ተማሪ ስንት ነው! ውስጥ ዝም አለ። አሁንም ዝም።

«ጢጥ» አለ ማሽኑ።

ወንድሟ እንዳይሰማት አፏን በእጇ ያዘች። «እሰይ፣ የኔ ጌታ» አለች፤ ሳሉ እስኪሰማም ከበሩ አልተነሳችም።